የአባቴ ሂሉክስ ባሌስትራና 3,000 እንቁላል

ሚያዝያ ላይ ነው። ከእርሻችን 100 ትሪ እንቁላል ጭኜ አዲስ አበባ ገባሁ። አንዱ ትሪ 30 ይይዛል፣ ሲደመር 3,000 እንቁላል ነው። ደንበኛዬ ሱቅ በር ላይ አንድ በአንድ እያወረድን ስንቆጥር 112 ተሰብሮ አገኘን። የተሰነጠቀውን ሳንቆጥር ነው ይሄ።

መጀመሪያ የታችኞቹ ትሪዎች ክብደት በዝቶባቸው ነው ብዬ ነበር። ግን አይደለም። ከጋቢናው ጀርባ የተደረደሩት ከላይ እስከ ታች ደህና ናቸው ማለት ይቻላል። ያለቁት ከኋላ ጎማ በላይና ከዚያም ወደ በሩ በኩል ያሉት ናቸው። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። እንቁላሉን የሚሰብረው የኋላ ባሌስትራ ነው፣ አክስሉ ላይ ተደራርበው መኪናዋን የሚሸከሙት ቅስት ብረቶች። ያንን ባሌስትራ ቀይሬ እስክጨርስ አምስት ወር ፈጀብኝ፣ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ክፉኛ ደነገጥኩ። አሮጌ ፒክአፕ ያላችሁ ሰዎች ከዚህ የምትወስዱት ነገር ይኖራል ብዬ ሁሉንም ልጽፈው ነው።

መኪናዋ በፈረንጆቹ 1986 የተሰራች ባለ አንድ ጋቢና ሂሉክስ ናት። 2.4 ሊትር ናፍጣ፣ ፎር ዊል። አባቴ በ1989 ዓ.ም. ገዛት። ከመቂና ከዝዋይ ሽንኩርት እየጫነ ፒያሳ አትክልት ተራ ያራግፍባት ነበር፣ ገበያው ወደ ጃንሜዳ ከመዛወሩ ከብዙ ዓመት በፊት። በአንድ ቶን ደረጃ የተሰራችን መኪና እሱ 15 ኩንታል፣ ሲብስም 18 ያሸክማታል። ጭነት ሲጨምር ባሌስትራ ይጨምራል። በየጎኑ 5 ፍሬ ይዛ የመጣች መኪና 9 ፍሬ ደረሰች። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሲያስጨምር አብሬው ነበርኩ፣ ልጅ ነኝ፣ ቡሎኖቹን በቆርቆሮ ጣሳ ይዤ ቆሜ። «ወገቧን አጠነከርኩላት» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው። ለሽንኩርት ትክክለኛው ስራ ያ ነበር። ያንን መኪና ይዞ ነው አራት ልጅ ያስተማረው።

እኔ ግን ሽንኩርት አልጭንም። ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ ትንሽ የዶሮ እርባታ አለን፣ አስፋልት እስክንደርስ ሰባት ኪሎ ሜትር ኮረኮንች ነው። 3,000 እንቁላል ከነትሪው ቢመዘን ሁለት ኩንታል አይሞላም። አስቡት እንግዲህ፣ 18 ኩንታል እንድትሸከም የተጠናከረች መኪና ላይ ሁለት ኩንታል ጭኜ ነው የምሄደው። ባሌስትራው ምንም አይሰራም። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ምቱ እንዳለ ወደ ሻንሲው (የመኪናዋ አጽም)፣ ከሻንሲው ወደ ካሶኑ (የጭነት ሳጥኑ)፣ ከካሶኑ ወደ ትሪው ይሄዳል።

ባሌስትራ ከመንካታችሁ በፊት ጎማችሁን እዩ። እኔም ከዚያ ነው የጀመርኩት። የኋላውን ጎማ አባቴ በለመደው 45 ፒኤስአይ ነበር የማስነፋው። ለእንቁላል ጉዞ ወደ 30 አወረድኩት። በሚቀጥለው ጉዞ 112 የነበረው ወደ 88 ወረደ። ምንም ሳይወጣበት ነው ይሄ። ከባድ ስትጭኑ ግን መልሳችሁ ማስነፋት እንዳትረሱ፣ የላላ ጎማ ከባድ ጭነት ተሸክሞ አስፋልት ላይ ከሮጠ ይግልና ይፈነዳል።

ከዚያ መለካት ጀመርኩ። ለዚህ የሚያስፈልገው ሜትርና ሁለት ኩንታል እህል ብቻ ነው። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁሜ፣ ከኋላ ጎማ መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጫፍ ያለውን ከፍታ በሁለቱም ጎን ለካሁ። ሁለት ኩንታል ልክ ከአክስሉ በላይ ጫንኩ፣ በየጎኑ አንድ አንድ ኩንታል ይደርሳል ማለት ነው። እንደገና ለካሁ። የወረደችው 12 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ኩንታል ተጭኖበት የጣት ውፍረት እንኳን የማይወርድ ባሌስትራ ለእንቁላል ከግንድ አይለይም።

እዚህ ላይ ትንሽ ሂሳብ ልግባ፣ ምክንያቱም ይሄን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ሁለቱን ስህተት አልሰራም ነበር። የአንድ ፍሬ ባሌስትራ ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር እኩል አይደለም የሚያድገው። ውፍረቱ በራሱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ ነው። 7 ሚሊ ብትወስዱ 7 ጊዜ 7 ጊዜ 7፣ 343 ይመጣል። 8 ሚሊ ደግሞ 512። በአንድ ሚሊ ልዩነት አንዱ 8 ሚሊ አንድ ተኩል 7 ሚሊ ያህላል። የእኔ መኪና የመጀመሪያዎቹ አምስት 7 ሚሊ ናቸው፣ አባቴ የጨመራቸው አራቱ 8 ሚሊ። ስለዚህ ከአምስት ወደ ዘጠኝ አልነበረም የሄደችው፣ በጥንካሬ ከአምስት ወደ አስራ አንድ ነው። ከእጥፍ በላይ። ርዝመት ደግሞ ተቃራኒውን ይሰራል፣ እሱም በሦስት ጊዜ ብዜት። ባሌስትራን በ10 በመቶ ብታስረዝሙት ጥንካሬው በሩብ ይቀንሳል።

ሌላ አንድ ቁጥር ልጨምር። መኪናዋ በራሷ ክብደት ባሌስትራው ላይ ስትቀመጥ ስንት ሚሊ ሜትር እንደምትወርድ ካወቃችሁ፣ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደምትነጥር ማወቅ ትችላላችሁ። 250ን ለዚያ ሚሊ ሜትር አካፍሉና ስኩዌር ሩቱን አውጡ። የእኔ የኋላ ክፍል አክስሉንና ጎማውን ሳይጨምር በየጎኑ ሁለት ኩንታል ገደማ ይመዝናል። በኩንታል 12 ሚሊ ከወረደች በራሷ ክብደት 24 ሚሊ ነው። በሰከንድ ሦስት ጊዜ ትነጥራለች ማለት ነው። ሰውም እንቁላልም የሚመቸው ወደ አንድ ተኩል ሲወርድ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ስህተቴ።

ያደረግኩት ቀላሉን ነው። አባቴ የጨመራቸውን አራቱን አወጣሁ። አመክንዮው ልክ ይመስል ነበር። ግን አምስቱ የቀሩት ባሌስትራዎች ሠላሳ ምናምን ዓመት ሰርተዋል፣ ደክመዋል። ቅስታቸው ጠፍቷል። በአራቱ ተደግፈው ነው እስከዛሬ የቆሙት። መኪናዋ ባዶዋን ቁጭ አለች፣ እንቁላል ስጭንባት አክስሉ ሻንሲው ስር ያለውን የላስቲክ መቆሚያ መምታት ጀመረ። ያ ምት ደግሞ ከድሮውም የባሰ ነው። በዚያ ጉዞ 140 እንቁላል ተሰበረ።

ሁለተኛው ስህተት ባሌስትራውን ለማስቀሰት አንድ ቦታ ወስጄ መስጠቴ ነው። ስራቸውን ቆሜ አየሁ፣ ያኔ ምንም አልመሰለኝም። እሳት ውስጥ ከተው እስኪቀላ አጋሉት፣ ቀጥቅጠው ቀሰቱት፣ መሬት ላይ ጥለው አቀዘቀዙት። ስገጥመው ያማረ ነበር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አራት ሳንቲ ሜትር ወረደ፣ አንዱ ደግሞ የመሃል ቡሎኑ ቀዳዳ ላይ ተሰነጠቀ።

ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳሁት። የባሌስትራ ብረት ጉልበቱ ከብረቱ ብቻ አይደለም የሚመጣው፣ ከእሳቱ ነው። ፋብሪካ ውስጥ 850 ዲግሪ አካባቢ ይግላል፣ ዘይት ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ እንደገና ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ተሞቆ ይረጋጋል። ያንን ብረት ወስዳችሁ አቅልታችሁ መሬት ላይ ካቀዘቀዛችሁት ያ ሁሉ ይጠፋል። ቅርጹ ባሌስትራ ነው፣ ውስጡ ግን ተራ ብረት ሆኗል። ማጭድና ቢላ የሚሰሩ ቀጥቃጮቻችን ይሄን በደንብ ያውቁታል፣ ባሌስትራን አግለው ከቀጠቀጡ በኋላ ስለቱን መልሰው የሚያጠጡት ለዚህ ነው። መኪና ላይ ሲሆን ግን ያ ነገር ይረሳል። ባሌስትራችሁ መቀሰት ካለበት በቀዝቃዛው በመዶሻ ወይም በፕሬስ ይቀሰት፣ ወይም ሙሉውን የእሳት ስራ የሚሰራ ቦታ ይሂድ። በመሃል ያለ መንገድ የለም። ብየዳም እንዳታስነኩት።

ከዚህ በኋላ ወደ ጋሼ ሄድኩ። ጋሼ የአባቴ መካኒክ ነበር፣ አሁን ስራ አቁሟል፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው። ሁሉንም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

«ልጄ፣ እንቁላል ብቻ ነው የምትጭነው?»

«አይ ጋሼ፣ በወር ሁለት ጊዜ መኖ እጭናለሁ። 8 ኩንታል።»

«እንግዲያው ሁለት ዓይነት ባሌስትራ ነው የሚያስፈልግህ። በአንድ ላይ።»

ቀጥሎ መሬት ላይ በእንጨት ሳለልኝ። ከላይ ረጃጅምና ቀጫጭን የሆኑ፣ ሁልጊዜ የሚሰሩ። ከስር ደግሞ አንድ ወፍራም፣ ቀጥ ያለ፣ ቅስት የሌለው። ጭነቱ ቀላል ሲሆን ወፍራሙ ከላዮቹ ጋር ጫፉ ላይ አይነካካም፣ ክፍተት አለው። ጭነቱ ሲከብድ የላዮቹ ተለጥጠው ይወርዱና ወፍራሙ ላይ ያርፋሉ፣ ያኔ እሱም ሸክም ይጋራል። ብዙ የጭነት መኪናዎች የሚሰሩት በዚህ ዘዴ ነው። አዲስ ነገር አልነገረኝም፣ ግን የእኔን ጭነት ሰምቶ ነው የነገረኝ። ሌሎቹ የጠየቅኳቸው ሁሉ ስለ መኪናዋ ነበር የሚጠይቁኝ፣ ስለምጭነው ነገር ማንም አልጠየቀኝም።

ሶማሌ ተራ ገባሁ። መርካቶን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ያገለገለ የመኪና ዕቃ ከዚያ ካጣችሁ የትም አታገኙም። የሂሉክስ ባሌስትራ ስፋቱ 60 ሚሊ ነው፣ የላንድክሩዘሩ 70 ነው፣ ስለዚህ የላንድክሩዘሩን ትተን ሂሉክስ ብቻ ነው የምንፈልገው። የምፈልገው ግን ከእኔ የሚረዝም ነው። እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቀን አልቆ ነበር። ችግሩ የፊት ግማሹ ነው። ባሌስትራ በመሃል ቡሎኑ ሁለት ይከፈላል። ከፊት ዓይን (ጫፉ ላይ ካለው ቀለበት) እስከ መሃል ቡሎን ያለው ርዝመት ከአሮጌው ከተለየ አክስሉ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይሄዳል። ጎማው ከፓራፋንጎው መሃል ይወጣል፣ ከካምቢዮ ወደ ዲፍረንሻል የሚሄደው ዘንግም ይረዝማል ወይም ያጥራል። ስለዚህ የፊት ግማሹ ከእኔ ጋር እኩል የሆነ፣ ትርፉ ሁሉ በኋላ በኩል የሆነ ነው የምፈልገው።

ሦስት ቀን ፈለግኩ። ሜትር ይዤ ከሱቅ ሱቅ። በሦስተኛው ቀን ከአዲስ ሞዴል ሂሉክስ የወጣ ጥንድ አገኘሁ፣ የፊት ግማሹ ከእኔ በ5 ሚሊ ብቻ ይለያል፣ ጠቅላላው ግን 11 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። የእኔ 120 ሳንቲ ነው፣ ይሄ 131። 5 ፍሬ ቀጫጭን 7 ሚሊ፣ ከስር አንድ 12 ሚሊ ቀጥ ያለ። ጋሼ መሬት ላይ የሳለው ነገር ነው ማለት ይቻላል። ከመግዛቴ በፊት እያንዳንዱን ፈትተው እንዲያሳዩኝ አደረግኩ። የመሃል ቀዳዳው ዙሪያ ስንጥቅ ካለ በጥፍር ይታወቃል፣ ዝገቱን በናፍጣ አጥባችሁ ጥፍራችሁን ብታሳልፉበት ይይዛል። ሁለቱን ጎን አጠገብ ለአጠገብ አቁማችሁ ቅስታቸውንም አወዳድሩ፣ አንዱ ከሌላው ካነሰ መኪናችሁ ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች።

አሁን ገጠማው። ባሌስትራው 11 ሳንቲ ስለሚረዝም የኋለኛው ማንጠልጠያ ወደ ኋላ መሄድ አለበት። እዚህ ጋ ከበያጁ ጋር ተከራከርን። እሱ ማንጠልጠያውን ቆርጦ ወደ ኋላ ወስዶ ሻንሲው ላይ መበየድ ነው የፈለገው፣ በአንድ ሰዓት እጨርሰዋለሁ አለኝ። እኔ በቡሎን ይሁን አልኩ። ሻንሲ በሥራ ላይ ይተጣጠፋል፣ የተበየደ ቦታ ላይ ብረቱ ስለሚደርቅ ስንጥቅ ከዚያ ነው የሚጀምረው፣ በተለይ የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ ላይ ተሻግሮ ከተበየደ። ስለዚህ የፋብሪካውን ሪቬት በግራይንደር አነሳን፣ 6 ሚሊ ላሜራ ከውስጥና ከውጭ አደረግን፣ ቀዳዳውን ከሻንሲው ጎን መሃል ላይ እንጂ ጠርዙ ላይ አልበሳንም። ቡሎኖቹ ራሳቸው ላይ 10.9 የሚል የጥንካሬ ደረጃ የተጻፈባቸው ናቸው። በሻንሲው ውስጥ ደግሞ ቡሎኑ የሚያልፍበት ቱቦ አስገባን፣ ያለበለዚያ ስታጠብቁት ሻንሲው ይጨማደዳል። አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። በደንብ የተሰራ ስራ ስለሆነ ስር ገብቼ ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

ማንጠልጠያውንና ባሌስትራውን የሚያገናኘው ሻክልም ልክ ይፈልጋል። ባሌስትራ ሲጫን ይለጠጣል፣ ይረዝማል፣ ሻክሉ ወደ ኋላ ይወዛወዛል። ባዶ መኪና ላይ ሻክሉ ቀድሞውኑ ወደ ኋላ ከተጋደመ የሚሄድበት ቦታ ያጣል። እኛ ባዶዋን ስትቆም የታችኛው ጫፉ በትንሹ ወደ ፊት ያዘነበለ አድርገን ነው የተውነው፣ ስትጫን ቀጥ ይልና አልፎ ይሄዳል።

ስትገጥሙ እነዚህን አስተውሉ። ዩቦልቶቹን (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን የዩ ቅርጽ ቡሎኖች) አዲስ ግዙ፣ አንዴ የተጠበቀ ዩቦልት ተስቧል፣ ሁለተኛ አይይዝም። ዩቦልት ከላላ የመሃል ቡሎኑ ብቻውን አክስሉን ይይዛል፣ ያ ቡሎን ለዚህ አልተሰራም፣ ይበጠሳል፣ አክስሉ ይሸሻል። በየፍሬው መሃል ያለውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ አንሱና ግራፋይት ያለው ግራሶ ቀቡት። የዛገ ባሌስትራ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ትንንሽ ጉድጓድ ላይ ጭራሽ አይንቀሳቀስም። የዓይኖቹን ጎሚኒም (ቀለበቶቹ ውስጥ የሚገባውን ላስቲክ) ቀይሩ፣ ግን ቡሎኖቻቸውን መኪናዋ በክሪክ እንደተነሳች አታጥብቁ። መሬት ላይ አውርዷት፣ በራሷ ክብደት ትቀመጥ፣ ከዚያ አጥብቁ። ያለበለዚያ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ነው የሚኖረው፣ በወራት ውስጥ ያልቃል።

የመጀመሪያውን ሙከራ በባዶ መኪና አደረግኩ። ምቾቱ አስደነቀኝ፣ ግን 70 ላይ ስደርስ ከስር መንቀጥቀጥ መጣ። ክሮቼራ (የዘንጉ መገጣጠሚያ) ነው ብዬ ክሮቼራዎቹን አየሁ፣ ደህና ናቸው። ነገሩ አንግል ነው። አዲሱ ባሌስትራ አክስሉን ትንሽ አዙሮታል፣ የዲፍረንሻሉ አፍንጫ ወደ ታች ወርዷል። የካምቢዮው መውጫና የዲፍረንሻሉ መግቢያ አንዱ ከሌላው ጋር ትይዩ መሆን አለባቸው። በስልኬ የአንግል መለኪያ ለካሁት፣ የሦስት ዲግሪ ልዩነት አለ። ከባሌስትራውና ከአክስሉ መሃል የምትገባ ሽብልቅ አስቀረጽኩ፣ ሦስት ዲግሪ፣ ከብረት። በአሉሚኒየም ልስራልህ ብሎኝ ነበር የቀረጸልኝ ልጅ፣ አይሆንም አልኩት፣ አሉሚኒየም እዚያ ቦታ ላይ እየተፈረከሰ ይሄድና ዩቦልቱ ይላላል። መንቀጥቀጡ ጠፋ።

አሞርዛተሩን፣ ሾክ የምንለውን፣ ከመግዛቴ በፊትም ለካሁ። አክስሉ እስከ መጨረሻው ሲወርድና እስከ መቆሚያው ሲወጣ ያለውን ርዝመት። አሞርዛተሩ ከዚያ በሁለቱም በኩል ትንሽ ትርፍ ሊኖረው ይገባል። ባሌስትራው ሳይጨርስ አሞርዛተሩ ከጨረሰ ምቱን የሚቀበለው እሱ ይሆናል፣ ወይ ይበጠሳል ወይ መያዣውን ይነቅላል። የፍሬን ቱቦውንም በዚያው እዩት፣ አክስሉ ሙሉ ሲወርድ መወጠር የለበትም።

አሁን ወደደነገጥኩበት ልምጣ። ከሁሉም በላይ እንድታነቡልኝ የምፈልገው ይሄን ነው።

ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናብ፣ ባዶ መኪና፣ ዱከም አካባቢ በአሮጌው መንገድ። ከፊቴ ባጃጅ ቆመ። ፍሬን ያዝኩ፣ እንደ ሁልጊዜው። የኋላ ጎማዎቹ ተቆለፉና ጀርባዋ ወደ ግራ ዞረ። መሪውን መልሼ፣ ፍሬኑን ለቅቄ፣ እንደገና ይዤ፣ በአንድ ክንድ ርቀት ቆምኩ። ማንም አልተጎዳም፣ ተመስገን። እዚያው ዳር ይዤ ቁጭ ብዬ እጄ መንቀጥቀጡን እስኪያቆም ጠበቅኩ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የእኔ ሂሉክስ የኋላ ፍሬን ግፊት የሚቆጣጠር ቫልቭ አላት። ሻንሲው ላይ ተቀምጦ ረጅም ዘንግ ወደ አክስሉ ይዘረጋል። አክስሉ ወደ ሻንሲው ሲጠጋ ቫልቩ መኪናዋ ተጭናለች ብሎ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይሰጣል። ሲርቅ ባዶ ናት ብሎ ይቀንሳል። አዲሱ ባሌስትራ መኪናዋን ከድሮው በ3 ሳንቲ ዝቅ አድርጓታል። ስለዚህ ቫልቩ ሁልጊዜ የተጫነች ነው የሚመስለው። ባዶ መኪና፣ እርጥብ አስፋልት፣ ሙሉ የኋላ ፍሬን። በተቃራኒው መኪናችሁን ከፍ ካደረጋችሁ ደግሞ ጭነት ይዛችሁ የኋላ ፍሬኑ ይደክማል። መስተካከያው ከባድ አይደለም፣ የዘንጉ ጫፍ ላይ የሚያጥርና የሚረዝም ባለ ዳዶ ማያያዣ አለ፣ እኔ ግማሽ ሰዓት ነው የፈጀብኝ። ግን ማንም አላስታወሰኝም፣ እኔም አላየሁትም። የባሌስትራ ከፍታ ከቀየራችሁ ከጋራዡ ሳትወጡ ይሄን ቫልቭ አስተካክሉ። ከዚያ ሰው የሌለበት ሜዳ ላይ፣ ቀስ ብላችሁ፣ በባዶም በጭነትም ሞክሩት።

የሁለት ኩንታሉን ልኬት ደገምኩት። ድሮ 12 ሚሊ የወረደችው መኪና አሁን 34 ወረደች። እንቁላል ጭና ስትሄድ በሰከንድ አንድ ተኩል ጊዜ ነው የምትነጥረው። 8 ኩንታል መኖ ስጭን ደግሞ ወፍራሙ ባሌስትራ ሲያርፍ ከስር ይታያል፣ መኪናዋ ቁጭ አትልም፣ መቆሚያውንም አትመታም። አባቴ ያሸክማት የነበረውን 18 ኩንታል ግን ከእንግዲህ አትችልም፣ እኔም አልሞክረውም። ይሄንን አውቄ ነው የቀየርኩት። አንድ ሰው መጥቶ ሽንኩርት ጫንልኝ ቢለኝ እምቢ ነው የምለው።

የመጀመሪያው የእንቁላል ጉዞ፣ ከ3,000 የተሰበረው 19። ሁለተኛው 11። ሦስተኛው 14። ኮረኮንቹ ላይ ፍጥነቴን አልቀነስኩም፣ ለማወዳደር ሆን ብዬ በድሮው ፍጥነት ነው የነዳሁት።

ዩቦልቶቹን በ100 ኪሎ ሜትር አንዴ፣ በ500 አንዴ ደግሜ አጠበቅኩ፣ የመጀመሪያው ላይ ሁሉም ሩብ ዙር ያህል ሄደዋል። በግራ በኩል የኋላው ጎሚኒ ጠዋት ጠዋት ይጮሃል፣ ስትሞቅ ይተዋል፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ፈትቼ አየዋለሁ።

ጋሼን ባለፈው እሁድ ቤቱ ድረስ ሄጄ ጫንኩት፣ ኮረኮንቹን ይዤው ሄድኩ። ጋቢና ውስጥ አልተቀመጠም። ካሶኑ ላይ ልውጣ አለ፣ እምቢ ብለውም አልሰማኝም። ቀስ ብዬ ነዳሁ። ከኋላ ጎማው በላይ ቆሞ የካሶኑን ጠርዝ ይዞ አንድ ኪሎ ሜትር ሄደ። ሲወርድ ስለ መኪናዋ ምንም አላለኝም፣ የድሮዎቹ አራቱ ባሌስትራዎች የት እንዳሉ ጠየቀኝ። እቤት ግድግዳ ጥግ ቆመዋል አልኩት። ሁለቱን ስጠኝ አለ። ለዶማ።